ባሕር ባይኖረንም ዳር አለን

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይላሉ አበው። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን አገራቸው ሁለት የሆነ ወፎች አሉ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ከሳይቤሪያ ረግረግና ከስካንዲኔቪያ ሰሜናዊ ምድር የተነሡት በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጠው ወደ እኛ ይመጣሉ። በጋውን በሐይቆቻችን ዳርና በግድቦቻችን ጭቃ ላይ ሲለቅሙ ይከርሙና የሰሜኑ በረዶ ሊቀልጥ ሲቃረብ ተመልሰው ይሄዳሉ። ዘመዶቻቸው በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ማዕበል ሲሸሽ ጭቃውን እየተከተሉ ይበላሉ። እኛ ዘንድ ለመጡት ግን ማዕበል የለም፤ ያለው የቆቃ ጭቃ ነው፤ ያለው የአባ ሳሙኤል ጭቃ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለጠብ ነው። ጠቡም ከፋብሪካ ባለቤትና ከሹም ጋር ብቻ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ግጥም እንወዳለን፣ ሥነ ጽሑፍ እናከብራለን ከምንለው ከእኛ ጋር ነው። ክሴ አጭር ነው፤ ለወፏ ዘምረንላታል፣ የምትበላውን ግን አልጠየቅንም።

* * *

እስኪ ከመደርደሪያችሁ ላይ ያገኛችሁትን የግጥም መድብል አንሡና ግለጡ። ወፍ የማይበርርበት መድብል ማግኘት ይቸግራል። እርግብ ሰላም ናት። ንስር ኃይል ነው። ቁራ መርዶ ነው። ስም ያልወጣላት ትንሽ ወፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ነፍስ፣ አንድ ጊዜ ስደተኛ፣ አንድ ጊዜ ጥላ የሄደች ፍቅረኛ ትሆናለች። ባሕርም እንዲሁ ነው። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ በካርታችን ላይ የባሕር ጠረፍ የለንም፤ በግጥማችን ውስጥ ግን ማዕበሉ አልበረደም። ናፍቆት ባሕር ነው፤ እንባ ባሕር ነው፤ ያጣነው ሁሉ ባሕር ነው።

በምልክት አልጣላም፤ ምልክት የግጥም እንጀራ ነው። የምጣላው ምልክቱ ወፏን ራሷን ሲውጣት ነው። ስለ ነፃነት እንድትናገርልን ወደ ሰማይ እንልካታለን፤ እግሯን ምን ውስጥ ነክራ እንደተነሣች ግን ዝቅ ብለን አናይም። ባሕር አጣን ብለን እናለቅሳለን፤ ያላጣነውን ዳር ግን የቆሻሻ መድፊያ ሲሆን ዝም እንላለን። ያጣነውን የሚያለቅስ፣ ያለውን ደግሞ የማይጠብቅ ሰው ልቅሶው ለሚሰማው ሰው ግራ ነው።

ከስም እንጀምር። አማርኛችን ለእርግብ፣ ለንስር፣ ለጭልፊት፣ ለቁራ፣ ለቆቅና ለጅግራ ስም አልነፈገም። በሐይቅ ዳር በመንጋ ሽር ሽር የሚሉትን ትንንሾቹን ግን በጅምላ «የውኃ ወፍ» ብለን እናልፋቸዋለን። ከመካከላቸው አንዷ በእንግሊዝኛ «ሊትል ስቲንት» የምትባለው ናት። ክብደቷ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ቢያክል ነው። ይህችን ታክል ፍጥረት በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ባለው ዛፍ አልባ ምድር ትፈለፈላለች፤ ክረምቱን ለማሳለፍም አፍሪካ ድረስ ትመጣለች። ሌላው «ራፍ» ነው። ወንዱ በመራቢያው ወራት በአንገቱ ዙሪያ እንደ ጀግና ጎፈር የሚነሰነስ ላባ ያበቅላል፤ በዚያ ጎፈር ተሸልሞ በሴቶቹ ፊት ይፎክራል። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ጎፈሩን አውልቆ፣ ግራጫና ቡናማ ለብሶ እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ በጭቃው ላይ ይሰማራል። ጌጡን ለሰሜን፣ ድካሙን ለእኛ ያመጣል። ገጣሚ ለሆነ ሰው ይህ ብቻውን ለአንድ መድብል በቂ ነገር ነበር።

በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ክሪስ ጆርዳን በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ከምትገኘው ከሚድዌይ ደሴት አንዳንድ ሥዕሎችን ይዞ መጣ። የሞቱ የአልባትሮስ ጫጩቶች ናቸው፤ ሥጋቸው ረግፎ፣ ላባቸው ተበትኖ፣ ሆዳቸው በነበረበት ስፍራ የጠርሙስ ክዳን፣ ላይተርና የፕላስቲክ ስብርባሪ ተከምሮ ይታያል። ወላጆቻቸው ምግብ መስሏቸው ከባሕር ለቅመው ያጎረሷቸው ነው። ሥዕሎቹ ዓለምን ዞሩ፤ እኛም ዘንድ ደረሱ፤ ከንፈር መጠጥን። ከዚያም «ወይ የባሕር ሰዎች!» ብለን አለፍን። ባሕር አልባነት ለካ እንዲህ ያለ ምቾትም አለው! ጥፋቱን ለውቅያኖስ ባለቤቶች ትተን በንጹሕ ኅሊና እንተኛለን።

አንተኛም። ለምን እንደማንተኛ አዋሽ ይንገረን።

* * *

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ፣ ከጊንጪ አካባቢ ይነሣና 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። ሌሎች ሕዝቦች ጉዳቸውን ወንዝ ላይ ጭነው ወደ ውቅያኖስ ይሰዱታል፤ ውቅያኖሱም ለጊዜው ይሸሽግላቸዋል። የአዋሽ ልጆች ግን መሸሸጊያ የለንም። የጣልነው ሁሉ እኛው ዘንድ ያድራል።

ምን እንጥላለን? ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን ከላይ እስከ ታች እያጠቡ ይወርዳሉ። የጋራዡን ዘይት፣ የባትሪውን አሲድ፣ የማቅለሚያውን ቀለም፣ የመጸዳጃውን ፍሳሽ፣ የገበያውን ፌስታል እየሰበሰቡ በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። ከዚያ አዋሽን ተቀላቅለው በ1952 ዓ.ም. ግድቡ ተሠርቶ ወዳለቀው ወደ ቆቃ ይገባሉ። የሞጆ ወንዝም የራሱን ከተማና የራሱን ቆዳ ፋብሪካዎች እጣቢ ይዞ እዚያው ይጨመራል።

ስለ ቆዳው ጥቂት ልበል። ዛሬ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ጨዉ ሁሉ ግን ቆዳው ላይ አይቀርም፤ ከፊሉ ከእጣቢው ጋር ይወጣል። ማጣሪያ ካለ ይያዛል፤ ከሌለ ወንዝ ይገባል። በትንሹ አቃቂ ዳር ለአሥርት ዓመታት የወጣው እጣቢ ብዙው እንዲሁ ገብቷል። ሽታው በነፋስ ይሄዳል፤ ቀለሙ በክረምት ጎርፍ ይታጠባል፤ ብረቱ ግን አይሄድም። ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም አይበሰብሱም፤ አይተንኑም፤ ውኃው ረጋ ባለበት ስፍራ ከደለሉ ጋር ተጣብቀው ይቀመጣሉ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ሦስተኛው ጭቃ ነው።

እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ግጥም የምጽፈው ማታ ነው፤ ቀን ሒሳብ እጽፋለሁ። ከቀኑ ሥራዬ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር ዕዳ እንደማይጠፋ ነው፤ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ። በአንዱ ገጽ ትርፍ ሆኖ የተጻፈ፣ በሌላው ገጽ የሆነ ሰው ከፍሎታል። በጠረጴዛዬ ላይ በሚያልፍ የብድር ፋይል ሕንፃው ይገመታል፤ ማሽኑ ይገመታል፤ መኪናው ይገመታል። ወንዙን የገመተ እስከ ዛሬ አላየሁም። ስላልተገመተ ነጻ ይመስላል። ነጻ ግን አይደለም። ሒሳቡ የተጻፈው በቆቃ ዳር በጭቃ ላይ ነው፤ መዝገቡን በየቀኑ የምትገልጠው ደግሞ ያች ሁለት ማንኪያ ስኳር የምታክል ወፍ ናት።

እንዴት እንደምትገልጠው ተመልከቱ። ምንቃሯን እንደ መርፌ እየነከረች ከደለሉ ውስጥ ትልና የትንኝ እጭ ትለቅማለች። እጮቹ የሚበሉት ደለሉን ነው፤ በደለሉ ያለው ብረት ወደ እነርሱ ይገባል። እርሷ ደግሞ በቀን አንድ ሁለት ሳይሆን እጅግ ብዙ እጭ ትበላለች፤ ከፊቷ ረጅም በረራ አለና፣ ለዚያም ስብ ማከማቸት አለባትና። በስንቋ ውስጥ ግን ስብ ብቻ አይደለም የሚከማቸው። እርሳስ በሰውነት ውስጥ ካልሲየምን መስሎ ይገባና በአጥንት ይደበቃል። እንስቷ እንቁላል በምትጥልበት ጊዜ ለቅርፊቱ የሚሆን ካልሲየም ከገዛ አጥንቷ ትበደራለች፤ ያን ጊዜ የተደበቀው እርሳስም አብሮ ወደ ደሟ ይወጣል። እኛ ዘንድ የተመዘገበ ዕዳ፣ ባላየነው አገር ሊከፈል ይችላል ማለት ነው።

ፕላስቲኩም ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንዲሉ፣ ፌስታልም ሲይዘን በቅለቱና በርካሽነቱ እያሳሳቀ ነው። ሽንኩርት ለአንድ ሰዓት ይይዝና ወደ ቦይ ይጣላል። ሃይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስም ይከተለዋል። ፀሐይ ያደርቃቸዋል፣ ጎርፍ ይፈጫቸዋል፤ ጤፍ እስኪያክሉ ይደቅቃሉ እንጂ አይጠፉም። የደቀቀው ፕላስቲክ በላዩ ብረትና ሌላ መርዝ ይለጥፋል፤ መጠኑም እጭ ያክላል። ወፏ ብትውጠው ሆዷ ይሞላል፣ ሰውነቷ ግን አይጠግብም። ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ ከአዋሽ ተፋሰስ ወጣ ብለን ወደ ዝዋይ እንሂድ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በዝዋይ ሐይቅ ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶው ሆዳቸው ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ከአንድ ሐይቅ ዓሣውም ይበላል፣ ወፉም ይበላል፣ እኛም እንበላለን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በተለይ ለብዕር ሰዎች ነው። ላባ በሚያድግበት ጊዜ ሥሩ በደም ይመገባል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ብረት፣ በተለይ ሜርኩሪ፣ ከላባው ጋር ይያያዛል። ላባው አድጎ ሲያበቃ የደሙ መንገድ ይዘጋል፤ የተጻፈው ተጽፎ ይቀራል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወፏን ሳይገድሉ አንዲት ላባ ወስደው በዚያ ወቅት በደሟ ውስጥ የነበረውን ያነባሉ። በጥንት ዘመን በብዙ አገር ጸሐፊዎች የጻፉት በላባ ነበር። እነሆ ዛሬ ላባው ጸሐፊ ሳያስፈልገው በራሱ ይጽፋል። የሚጽፈውም ስለ እኛ ነው።

* * *

የሚሰነዘርብኝን መልስ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው፣ «ሰው ሳይጠግብ ስለ ወፍ ይወራል ወይ?» የሚለው ነው። ይህን የሚለኝ ሰው ምሳውን ምን እንደበላ ልጠይቀው። በአቃቂ ውኃ የሚለማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ለአዲስ አበባ ገበያ ሲቀርብ ኖሯል፤ በዚያ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተውበታል። ወፏና ጎመኑ ከአንድ ሌማት ይበላሉ። ስለዚህ «ሰው ይቅደም» የሚለው ክርክር ወፏን አይቃወማትም፤ ምስክር አድርጎ ይጠራታል እንጂ። ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበል፣ ከዓመት ዓመት ጭቃችንን የምትመረምር ሠራተኛ ብትኖር እርሷ ናት። ሪፖርቷን አለማንበብ የድህነት ምልክት አይደለም፤ የንቀት ነው።

ሁለተኛው፣ «ፋብሪካው ይዘጋ፣ ሠራተኛው ይራብ ነው የምትለው?» የሚል ነው። አላልሁም። ከቆዳ እጣቢ ውስጥ ክሮሚየሙን ለይቶ አውጥቶ እንደገና ለማልፋት የሚያስችል ዘዴ ከታወቀ ቆይቷል። ዘዴው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ልክ ነው። ባለቤቱ ባይከፍል ግን ማን ይከፍላል? ቀደም ብዬ ነግሬአችኋለሁ፤ ዕዳ አይጠፋም። ወይ ባለቤቱ በብር ይከፍላል፣ ወይ የአቃቂ ገበሬና ልጆቹ በጤናቸው ይከፍላሉ፣ ወይ ወፏ በአጥንቷ ትከፍላለች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብድሩን አልፈረሙም።

ሦስተኛው፣ «ሕግ አለ፤ ለመንግሥት እንተውለት» የሚል ነው። ሕግስ አለ! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘትን መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሏል። ፌስታሉ ግን አዋጁን ሳያነብ በየቦዩ መውረዱን ቀጠለ። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የፕላስቲክ ከረጢትን ጨርሶ የሚከለክልና በተጠቃሚው ላይ ጭምር ቅጣት የሚጥል አዋጅ አጸደቀ። በሁለቱ አዋጆች መካከል 18 ዓመት አለፈ። በእነዚያ 18 ዓመታት የቆቃ ዳር ጭቃ ስንት ፌስታል እንደዋጠ የሚያውቀው ጭቃው ነው። ሕግ ወረቀት ነው፤ ሕግን ከወረቀት የሚያነሣው ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነው። ቋንቋ ደግሞ የማን ሥራ ነው?

ወደ አራተኛውና ወደ እኛው እመጣለሁ። «ሥነ ጽሑፍ ስብከት አይደለም፤ የኪነ ጥበብ ሰው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ አይደለም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በዚህ ግማሽ መንገድ አብሬአቸው እሄዳለሁ። ስብከት የሞላበት ግጥም ማንንም አያድንም፤ ወፍንም አያድንም። እኔ የምጠይቀው ስብከት ሳይሆን ማየት ነው። ከጸሐፊ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ግዴታ ያየውን በስሙ መጥራት ነው። «በሐይቁ ዳር ነጭ ወፍ ቆማ ስለ ሰላም ታስባለች» ብሎ መጻፍ ማየት አይደለም። ምን ወፍ? በየትኛው ሐይቅ? እግሯ ላይ የተጠመጠመው ክር ከየት መጣ? ውኃው ለምን አረንጓዴ ሆነ? ይህን የጠየቀ ገጣሚ ግጥሙ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም። ምልክት ጉልበት የሚያገኘው ከሥጋ ነው። የኖኅ እርግብ እስከ ዛሬ ልባችንን የምትነካው ሰላም ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ውኃ ላይ ዞራ የምታርፍበት ደረቅ ምድር ያጣች፣ የደከመች ወፍ ስለሆነች ነው። የእኛ ወፍ መከራ ከእርሷ ይለያል። እርሷ የምታርፍበት አላጣችም። ያረፈችበት ነው የከዳት።

* * *

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ለእነዚህ ወፎች ስም እናውጣላቸው፤ ስም የሌለው ነገር ሲሞት መርዶ ነጋሪ አይኖረውም። የአርሲና የቦራ ገበሬ፣ የዝዋይ ዓሣ አስጋሪ፣ የአፋር አርብቶ አደር በየቋንቋቸው የሚጠሩበት ቃል ካለ ሄደን እንስማ፤ ከሌለም ቋንቋ የሚያድገው እንዲህ ነው። አዋሽን በቀረርቶ ሳይሆን በአካል፣ ከአቃቂ እስከ ቆቃ ወርደን እንየው። ከፋብሪካና ከከተማ የሚወጣው እጣቢ ተለክቶ ውጤቱ ለሕዝብ በግልጽ እንዲነገር ድምፃችንን እናሰማ፤ የተለካ ነገር ይከራከሩበታል፣ ያልተለካ ግን ወሬ ሆኖ ይቀራል። ፌስታሉንም እንተወው፤ የአንድ ሰው ፌስታል ሐይቅ ስለሚያድን ሳይሆን፣ ስለ ወፍ የሚጽፍ እጅ ፌስታል አንጠልጥሎ መሄድ ስለማያምርበት።

ባሕር የለንም ብለን ማዘን መብታችን ነው። ዳር ግን አለን። መስከረም በጠባ ቁጥር ወፎቹ ያንን ዳር አምነው ይመጣሉ። ማንም አልጋበዛቸውም እንዳትሉ፤ የጋበዛቸው ውኃው ነው፣ ውኃውም የእኛ ነው። የእንግዳን ማዕድ መርዞ ስለ እንግዳ ተቀባይነቱ የሚዘምር ሕዝብ ከቶ ምን ዓይነት ግጥም ሊጽፍ ይችላል?

የቀረውን በስንኝ ልበለው፤

መስከረም ሲጠባ ከሰሜን የመጣሽ፣
ስም ያልሰጠንሽ ወፍ፣ ጭቃችን የጠራሽ፣
በእግርሽ ስትጽፊ በዳሩ ደለል ላይ፣
ስንት ዘመን አለፍን ፊደልሽን ሳናይ።

የሰጠንሽ እራት በእጣቢ የታሸ፣
ላባሽ ላይ ተጽፎ ከአንቺው ጋራ ሸሸ፤
ባሕር የለን ብለን ሆዳችን ሲባባ፣
ዕዳችን ተቆጥሮ ተገኘ በላባ።

ቸር እንሰንብት።